የሻምበል ዶናተስ መጨረሻ

ኡቼና ኢሄጂሪካ ሞቶ አስከሬኑ ኦዌሪ ከተማ ሬሳ ቤት በገባ ሰሞን፣ የመንደሩ የኡሙኦክዋራ ሽማግሌዎች ተሰብስበው እንዳይቀበር ወሰኑ። ጠልተውት አልነበረም። ኡቼና ለተቸገረ ደራሽ፣ ለቅሶ ቤት ቀድሞ ገብቶ ዘግይቶ የሚወጣ ሰው ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። በዚያ አገር ልጅ ከአባቱ ቀድሞ አይቀበርም፤ የኡቼና አባት ደግሞ ከጠፋ ሃምሳ ዓመት አልፎትም ገና አልተቀበረም።

የሸንጎው ታላቅ በስብሰባና በእንግዳ አቀባበል የሚቀርበውን የኮላ ፍሬ ሰብሮ ለሁሉም ካዳረሰ በኋላ ቃሉን ሰጠ። መጀመሪያ አባትየው፣ ሻምበል ዶናተስ፣ በወጉ ይሸኝ። አስከሬኑ ባይገኝ ግድ የለም፣ በስሙ ማድረግ ይቻላል። ግን በምን እንደሞተ መታወቅ አለበት። በንጹሕ ሞት ለሞተ ሰው ላም ይታረዳል፣ ጥይት ይተኮሳል፣ የዘንባባ ጠጅ መሬት ላይ እየፈሰሰ ታሪኩ ይነገርለታል። መሬት የተጸየፈችው ሰው ግን በግቢው ውስጥ ስሙም አይነሳ። ሽማግሌው ሁለቱን ሳንለይ ብናደርገው መዘዙ ለልጅ ልጆቻችን ነው ሲል፣ የተከራከረው አልነበረም።

ስለ ዶናተስ የሚታወቀው ጥቂት ነበር። ከጦርነቱ በፊት የሂሳብ መምህር ነበር። ምሥራቁ ክፍል ከአገሪቱ ተገንጥሎ ቢያፍራ ስትታወጅና የፌዴራሉ ጦር ሲመጣ፣ መድፍ ማነጣጠር ሂሳብ ማስላት መሆኑ የገባው አንድ አለቃ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት አንስቶ የመድፈኛ መኮንን አደረገው። በሁለተኛው ዓመት አንድ ጊዜ ቤቱ መጣ። ከስቶ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ተኝቶ፣ በማግስቱ ሄደ። ሚስቱ ሮዝሊን ኡቼናን የጸነሰችው ያኔ ነው። ጦርነቱ አለቀ። የሌላው ባል እግሩ አብጦ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ እየተንፏቀቀም ቢሆን መጣ። ዶናተስ አልመጣም። ሮዝሊን ሬሳውን ሳላይ አላለቅስም አለች፤ ዓመታቱ እንዲሁ ሄዱ።

የኡቼና የመጀመሪያ ልጅ ኦላኤዶ ትባላለች። አባ በምትባል ከተማ ውስጥ ቆዳ እየቆረጠች ጫማ የምታሠራ፣ ጣቶቿ ላይ የማስቲሽ ጠባሳ የማይጠፋ፣ ንግግር የማታበዛ ሴት ናት። ከሸንጎው ስትወጣ የአያቷ የዶናተስ ታናሽ ወንድም፣ ለታላቅ በሚሰጠው የአክብሮት መጠሪያ ደዴ የሚሉት ኦግቦናያ፣ በሩ ላይ ያዛት። ደዴ በጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው፤ ሲያወራ ዛሬም ሰልፍ ላይ ለቆሙ ተማሪዎች ይመስላል።

"አንቺ ከተማ ነሽ፣ ሰው ታውቂያለሽ" አላት። "አብሮት የነበረ አንድ ወታደር ፈልጊ። አንድ ምስክር ይበቃናል። አባትሽ በረዶ ቤት የሚከርም ዓሣ አይደለም።"

ኦላኤዶ ሱቋን ለሠራተኞቿ ትታ ፍለጋ ወጣች። የጦር ጉዳተኞች በሚኖሩበት ሰፈር ከአንዱ ደጃፍ ወደ ሌላው ዞረች። እግር የሌላቸው፣ ዓይን የሌላቸው ሽማግሌዎች የየራሳቸውን ጦር ሜዳ ሊያወሯት ይጎትቷታል፤ የአያቷን ስም ግን የሚያውቅ ጠፋ። ተስፋ ልትቆርጥ ስትል አንድ ዓይነ ስውር፣ "መድፈኛ ከሆነ ጆሮ የማይሰማ ሰው ፈልጊ" ብሎ ሳቀባትና፣ ንኔዊ ከተማ ውስጥ ልጁ የሞተር ዕቃ የሚሸጥ ሊነስ ኦክዎሳ የሚባል ሰው መኖሩን ነገራት።

ሊነስ በእርግጥም ደንቆሮ ነበር። ከልጁ ሱቅ ጀርባ፣ የጎማ ክምር አጠገብ ተቀምጦ፣ ኦላኤዶ ጆሮው ሥር እየጮኸች ማን መሆኗን ስትነግረው ለረጅም ጊዜ ፊቷን አየና "ግንባርሽ የሱ ነው" አላት። የሻምበሉ መድፍ ላይ አነጣጣሪው እሱ ነበር። ሻምበሉ ተራራ ላይ ሆኖ በመነጽር እያየ፣ አስልቶ ቁጥር በስልክ ይልክለታል፤ ሊነስ በቁጥሩ ልክ አፈሙዙን ያዞራል። ጥይት እንደ ጨው የተወደደበት ጊዜ ስለነበር ሻምበሉ አንዲት እንዳትባክን ይሳሳል አለ። መጨረሻውንም ነገራት። አማኡዚ የምትባል መንደር ውስጥ ጠላት ገብቷል ተብሎ እንዲመታ ከበላይ ታዘዘ። መንደሩ ውስጥ ገና ሰው አለ፣ ወገኔ ላይ አልተኩስም ብሎ እምቢ አለ። በዚያው ቀን ተራራው ግርጌ አቁመው በራሱ ወገን ጥይት ረሸኑት።

"ቀብሩስ?" አለችው።

"እኔ የማስታውሰው ወደ ኋላ ስንሸሽ ብቻ ነው" አለ ሊነስ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር ቢጠየቅም አልሰማ አለ።

ኦላኤዶ አውቶቡስ ውስጥ ገብታ ነው ያለቀሰችው። ከአባቷ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷ ቀለል አላት። ለደዴ ደውላ ስትነግረው ስልኩ ውስጥ እልልታ ሰማች፤ የደዴ ሚስት ናት። ከሳምንት በኋላ መንደር ስትመለስ ከዋናው መንገድ እስከ ግቢያቸው ያሉ የዛፍ ግንዶች ሁሉ ላይ ትልልቅ ወረቀት ተለጥፏል። አባትና ልጅ ጎን ለጎን፣ ዶናተስ በወታደር ልብስ፣ ኡቼና በባህል ልብስ፣ ከሥራቸው "ወገኔ ላይ አልተኩስም ብሎ የወደቀው ጀግናና ልጁ" የሚል በቀይ ተጽፏል። የቀብሩ ቀን ተቆርጧል። የጥይት ተኳሾች ተነግሯቸዋል። ሽማግሌዎቹም ደስ ብሏቸዋል፤ እንዲህ ያለ ሰው ከመካከላችን ወጥቷል ማለት ለመንደሩም ክብር ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ሁሉም ሰላም ውሎ ያድር ነበር። ኦላኤዶ ግን አንድ ነገር ከነከናት። አያቷ የወደቀበት መንደር ስሙ ከታወቀ፣ አጥንቱን ማምጣት ሲቻል ስለምን በባዶ ሣጥን ይቀበራል? ደዴን ስታማክረው ተቆጣ። እዚያ ማንን ታውቂያለሽ፣ የተቀመጠ ነገር አትነካኪ፣ ቀኑ ደርሷል አላት። እሷ ግን ለማንም ሳትናገር በማለዳ ተነስታ ሄደች።

አማኡዚ ከዋናው መንገድ ወርዶ፣ ጎርፍ በበላው ቀይ መንገድ በሞተር የሚደረስባት ትንሽ መንደር ናት። ከላይዋ ተራራ አለ። ኦላኤዶ የዘንባባ ጠጅ በሚሸጥበት ዳስ ወርዳ ሰላምታ ሰጠች፤ ጥሩ ተቀበሏት፣ ወንበር ሳቡላት፣ ከየት ነሽ ልጄ አሏት። የአያቷን ስም ስትጠራ የጨዋታው ድምፅ ተቆረጠ። አንዱ ጽዋውን አስቀመጠ። ሌላው፣ ሽበታሙ፣ ወደ ውጭ ተፋ።

"ያንን ስም እዚህ አትጥሪ" አላት። ቆጣ አላለም፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። "የማን ነሽ?"

"የልጅ ልጁ።"

ሰዎቹ ተያዩ። ወንበሩን መልሶ የወሰደባት የለም፤ ሲቀመጡ ግን ከሷ ራቅ ራቅ አሉ። በመጨረሻ ሽበታሙ ሰውዬ ተነስቶ፣ ነገሩን ያየች ሴት አለች፣ ልትነግርሽ ከፈለገች ትንገርሽ ብሎ እስከ ምግባፎር ደጅ አደረሳት።

ምግባፎር ስልሳ ያለፋት፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ በትልቅ ብረት ምጣድ የካሳቫ ዱቄት የምታምስ ሴት ናት። ኦላኤዶ ማን እንደሆነች ስትሰማ ማማሰሉን አላቋረጠችም። ጢሱ ዓይኗ ውስጥ እየገባ፣ ዱቄቱን እየገለበጠች፣ ያ ሁሉ ሲሆን ልጅ እንደነበረች ነገረቻት።

የፌዴራሉ ወታደሮች መጥተው ትምህርት ቤቱ ውስጥ አድረው ነበር። ሕዝቡ ጫካ ገብቷል። ሲነጋ ወታደሮቹ ወጥተው ሄዱ። ዝናብ ይወርድ ነበር፤ ሴቶቹ ልጆች እየበረዳቸው ስለሆነ ከጫካ ወጥተው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ሌላ ቤት ስላልነበረ፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተጠለሉ። ምግባፎር ጫካ ውስጥ የተረሳ ድስት አምጪ ተብላ ተልካ ነበር። ስትመለስ መድፉ ጀመረ።

"ከጠላት ወገን ቢሆን ይሁን" አለች ምግባፎር። "ከኋላችን ነው የመጣው። ከወገን በኩል። ከዚያ ተራራ ላይ ሆኖ እያየ ነው የመታን። እናቴን። ወንድሞቼን። አያቴን።"

ኦላኤዶ ወደ ምጣዱ ጠጋ አለች። "አያቴ እምቢ ብሎ ነው የተገደለው" አለች።

"ማነው እንዲህ ያለሽ?"

"አብሮት የነበረ ሰው።"

ምግባፎር ማማሰያዋን አስቀመጠች። "አያትሽን እኔ አይቼዋለሁ" አለች። "መድፉ ዝም ካለ በኋላ አንድ ሰው ከተራራው ወረደ። ቆብ የለውም፣ ጠመንጃ የለውም። ገባና መቆፈር ጀመረ። የግንቡን ድንጋይ እያነሳ፣ በእጁ ነው የሚቆፍረው። ስደተኛ መስሎን ማንም አልጠየቀው፤ ሰው እኮ በዚያን ጊዜ ከየትም ይመጣል። ያንን ቀን ሙሉ ቆፈረ፣ በማግስቱም ቆፈረ። ጥፍር አልቀረውም። እናቴን ያወጣት እሱ ነው። ቀሚሷን ወደ ታች ስቦ እግሯን ሸፈነላት፤ ያንን አይቻለሁ። ሬሳው ሁሉ ወጥቶ ከተደረደረ በኋላ ቆመና ተናገረ።"

"ምን አለ?"

"'ስሜ ዶናተስ ኢሄጂሪካ ነው። መድፉ የእኔ ነው። ሂሳቡን የሠራሁት እኔ ነኝ' አለ። ከዚህ ሌላ አልጨመረም። ወንዶቹ ለምን ብለው ጠየቁት። ታዝዤ ነው አላለም፣ ጠላት መስላችሁኝ ነው አላለም።"

"መሸሽ አይችልም ነበር?"

"መንገዱ ክፍት ነው። ማን ያውቀዋል? ዝም ብሎ ቢሄድ ኖሮ እስከ ዛሬ ደግ ሰው መጥቶ ቆፈረልን እያልን እናወራ ነበር።"

የቀረውን ምግባፎር ባጭሩ ነገረቻት። ወንዶቹ ቆንጨራና ዶማ ይዘው ክፉው ደን ወደሚባለው፣ ድሮ ፈንጣጣ የጨረሳቸውና መሬት የማትቀበላቸው ሰዎች ወደሚጣሉበት ጫካ ወሰዱት። አልተጎተተም፣ ራሱ ነው የሄደው። ሲመለሱ ያለ እሱ ተመለሱ። እነዚያ ወንዶች ዛሬ ሁሉም ሞተዋል።

"አንቺስ ምን ልትወስጂ መጣሽ?" አለቻት።

"አጥንቱን።"

"ከዚያ ደን አጥንት አይወጣም። ቢወጣስ የማን እንደሆነ ማን ይለይልሻል?" አለችና ማማሰያዋን አነሳች።

ኦላኤዶ መናኸሪያው ላይ ሆና ለሊነስ ልጅ ደወለች፤ ስልኩን ለአባቱ ሰጠው። አማኡዚ ሄጄ መጣሁ ብላ ጮኸች፤ ሰዎች ዞረው አዩአት።

"እኔ የነገርኩሽ ለቀብር የሚሆን ነው" አለ ሊነስ። "አንቺም የመጣሽው ለቀብር የሚሆን ነገር ፍለጋ ነበር።" ስልኩም ተዘጋ።

ቤት ስትደርስ ሮዝሊን ጓሮ ተቀምጣ የሐብሐብ ዘር ትፈለፍላለች። ከሰማንያ ብዙም ያልራቀች፣ ወገቧ የታጠፈ፣ አፏ ግን ያልታጠፈ ሴት ናት። ኦላኤዶ በመንገድ ሁሉ ስትከራከር ነው የመጣችው። ዝም ብትል አባቷ በሳምንቱ በክብር ይቀበራል። ብትናገር ሬሳ ቤት ውስጥ የሚቀርበትን ጊዜ ማንም አያውቅም፣ ወንድሞቿም የገዳይ ዘር ተብለው ይኖራሉ። ሆድ ይፍጀው ብላ ወስና ነበር የገባችው። አያቷ ቀና ብላ ስታያት ግን ውሳኔው ከዳት። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻት።

ሮዝሊን ጣቶቿ መፈልፈላቸውን አላቆሙም። ኦላኤዶ ተናግራ ስትጨርስም አሮጊቷ ጥቂት ዘር ፈለፈለች።

"ከጦርነቱ ሸሽቶ ጋቦን ነው ያለው እያልኩ" አለች። "አንዲት ደህና ሴት አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ፣ ወፍሮ ተቀምጧል እያልኩ ስረግመው ኖርኩ። እሷንም ስረግማት። ያልነበረች ሴት።" ገለባውን ከቀሚሷ ላይ አራገፈች። "ምን ያህል ሰው ነው የሞተው?"

"አልጠየቅኩም ማማ።"

"ልትጠይቂ ይገባ ነበር።"

ደዴ ኦግቦናያ በነጋታው የመጣው ስለ ድንኳኑ ሊነጋገር ነበር። ሮዝሊን አስቀምጣ ነገረችው። ደዴ መጀመሪያ አላመነም፣ ቀጥሎ ኦላኤዶን ተሳደበ፣ ከዚያ ላብ አጠመቀው። ያን ጊዜ ነው እንደ ዳይሬክተር ሳይሆን እንደ ሰው የተናገረው።

"ስሚኝ ሮዝሊን፣ እኔም ወንድሜ ነው። ግን የሞተው ሞቷል። አማኡዚ ያሉት ሃምሳ ዓመት ዝም ብለዋል፣ ነገም ዝም ይላሉ። ኡቼና ምን አደረገ? አባቱ መድፍ ሲተኩስ እሱ ሆድሽ ውስጥ ነበር። ሊነስ ያለውን ብለን ልጅሽን እንቅበረው።"

"ጠጁን መሬት ላይ የሚያፈሰው ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"አፍስሰህ ምን ልትል ነው? ወገኔ ላይ አልተኩስም ያለ? ያቺው መሬት እኮ ናት ኦግቦናያ። አማኡዚ የጠጣችው ደም እዚህ አይሰማም ብለህ ነው?"

"ልጅሽ ይበሰብሳል።"

"እኔ ነኝ የወለድኩት። መበስበሱን አንተ አትነግረኝም።"

ደዴ ተነስቶ ወጣ። የግቢውን በር እንኳ አልዘጋውም።

ሮዝሊን ወደ አማኡዚ እሄዳለሁ አለች። ባዶ እጅ ስለማይኬድ ኦላኤዶ ፍየል፣ ነጭ ዶሮ፣ ቦዬ የሚባል ሥራሥርና የዘንባባ ጠጅ ገዝታ፣ መኪና ተኮናትራ ወሰደቻት። መኪናው መሄድ በማይችልበት በጎርፍ የተበላ መንገድ ላይ አሮጊቷ ወርዳ፣ ኦላኤዶ ትከሻ ላይ ተደግፋ፣ በእግሯ ገባች። መምጣታቸው ተነግሮ ስለነበር የመንደሩ ሽማግሌዎችና ሴቶች ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ተሰብስበው ይጠብቋታል። ሰላምታዋን የመለሰላት ጥቂት ሰው ነው። ኮላ አልቀረበላትም። አንድ በርጩማ ፀሐይ ላይ አስቀመጡላት፤ ጥላው ሥር ሰፊ ቦታ ነበር። ኦላኤዶ ጃንጥላ ልትዘረጋ ስትል ሮዝሊን እጇን ያዘቻት።

ያ ሽበታም ሰውዬ ተነስቶ፣ አንዲት ነገር ሳያስቀድም፣ በትምህርት ቤቱ የሞቱትን በቃሉ መጥራት ጀመረ። ከየቤቱ፣ ከእናት እስከ ልጅ። ሮዝሊን መጀመሪያ አዳመጠች። ጥቂት እንደተጠራ ግን እያንዳንዱን ስም ከሱ ተቀብላ መድገም ጀመረች። ድገሚ ያላት የለም፣ ከራሷ ነው። ሰውዬው ቆም ብሎ አያት፤ ከዚያ ቀጠለ። ስሙ ብዙ ነው። ስም ያልወጣለት ሕፃን ሲደርስ "የንዋንይኤኬ ጡት ልጅ" ይላል፣ እሷም "የንዋንይኤኬ ጡት ልጅ" ትላለች። ጉሮሮዋ ደርቆ ድምጿ ሲጠፋ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ኦላኤዶ ጣልቃ ገብታ ልታስቆም ፈልጋ፣ ማንን እንደምታስቆም አላወቀችም። የምግባፎር ቤተሰብ ሲጠራ ምግባፎር ጥላ ሥር ሆና መሬት መሬት ታያለች።

ሲያበቃ ሽማግሌው ምን ልትለምኚ መጣሽ ብሎ ጠየቃት።

"ልለምን አልመጣሁም" አለች። "ይቅር በሉትም አልላችሁም። ይቅር የሚባል ነገር አይደለም። ባሌ የት እንዳለ ላውቅ፣ ማንን እንደገደለ ልሰማ ነው የመጣሁት። ልጄ ሞቶ ተቀምጦብኛል። ልጄ በዚህ ነገር የለበትም። የልጅ ልጆቼም የሉበትም። ለመሬት የሚደረገውን ልናደርግ ዕቃውን ይዘናል። እንቢ ካላችሁም ይዤው እመለሳለሁ።"

ሴቶቹ መሃል ጉምጉምታ ሆነ። አንዷ ተነስታ ይዘሽ ውጪ አለቻት፤ ሌላዋ አሮጊት ናት ተዪ አለች። ሮዝሊን ጉምጉምታው እስኪያበቃ ጠበቀችና ፊቷን ወደ ምግባፎር አዞረች። "አንቺ ነሽ ያየሽው አሉኝ። በመጨረሻ የተናገረው ነገር አለ?"

ምግባፎር ከጥላው ሥር ተነስታ ቆመች።

"ውሃ ለመነ" አለች።

"ሰጡት?"

"አልሰጡትም።"

ሮዝሊን ራሷን ነቀነቀች። ደኑ ዳር ሄጄ ትንሽ ውሃ ላፍስስለት ትፈቅዳላችሁ ወይ አለች። ሽማግሌዎቹ ለብቻ ፈንጠር ብለው ተነጋገሩ። ሲመለሱ አይሆንም አሉ። ፍየሉም ዶሮውም ለሞቱብን ሰዎች፣ ለተደፈረችው መሬት ይሁን፤ ልጅሽም ከዚህ ነገር ነጻ ነው፣ ይህንን መልእክተኛ ልከን ለሸንጎአችሁ እንነግራለን። እዚያ ደን ውስጥ ግን ምንም አይገባም። ሮዝሊን እሺ አለች። ፍየሉ ታረደ፣ ደሙ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ ፈሰሰ። ሥጋውን አማኡዚዎች ተካፈሉት፤ ለሷና ለልጅ ልጇ አልቀረበላቸውም፣ አልጠበቁምም።

መኪናው ውስጥ ሮዝሊን አንድ ጠርሙስ ውሃ ጉልበቷ ላይ ይዛ እስከ ቤት ድረስ አልጠጣችውም። ኦላኤዶ ጠጪ እንጂ ማማ ብትላት ጠርሙሱን በሁለት እጇ ያዘች።

የኡሙኦክዋራ ሸንጎ ነገሩን ሲሰማ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ይህን ለምን ትነግሩናላችሁ ብሎ ተቆጣ፤ ወጣቶቹ ጦርነት ነበር፣ ትእዛዝ ነበር አሉ፤ አንድ ሽማግሌ፣ እሱ ራሱ ወንድሙን በዚያ ጦርነት ያጣ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብሎ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። በመጨረሻ የአማኡዚ መልእክተኛ ቃሉን ከሰጠ በኋላ ፍርዱ ወጣ። ዶናተስ አይቀበርም፣ አሁንም ወደፊትም፤ ጠጅ ሲፈስስ ስሙ አይጠራም። ኡቼና ግን አባት እንደሌለው ሰው ተቆጥሮ፣ ያለ ጥይትና ያለ ጭፈራ ይቀበር።

ወረቀቶቹን ከግንዶቹ ላይ ያነሳው ደዴ ራሱ ነው። መሰላል ተሸክሞ፣ ከሰው ሳይነጋገር፣ ከመንገዱ ዳር ጀምሮ እስከ ግቢው ድረስ አንድ በአንድ ገነጠላቸው። ሙጫው ጠንክሮ የወንድሙ ፊት አንዳንዱ ግንድ ላይ በከፊል ቀረ፤ እሱን በቢላዋ ፋቀው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሮዝሊን ጋር ቃል አልተለዋወጡም። እሷም አልለመነችውም።

ኡቼና በሳምንቱ ተቀበረ። ሰው ብዙ መጣ፤ ኡቼና የደረሰለት ሰው ብዙ ነበርና። ግን ያለ ጥይት ድምፅ፣ ያለ ጭፈራ ሲሆን ለቅሶው ራሱ አፍሮ እንደሚያለቅስ ሰው ሆነ፤ ሰው ድምፁን ሳያወጣ ያለቅሳል። ሣጥኑ ለስንብት ተከፍቶ ሳለ ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ከአማኡዚ ጥቂት ሴቶች ገብተዋል። የጠራቸው የለም። ከፊት ምግባፎር ናት።

ኦላኤዶ ወደነሱ ሄዳ ወንበር አቀረበች፤ አልተቀመጡም። ውሃ አቀረበች፤ አልጠጡም። ምግባፎር ሬሳውን ላየው እችላለሁ ወይ ብላ ጠየቀች። ደዴ ኦግቦናያ ሣጥኑ ፊት መንገድ ዘግቶ ቆሞ ነበር፤ ጥቂት ካመነታ በኋላ ፈቀቅ አለላት።

ሣጥኑ ላይ ጎንበስ አለች። ለረጅም ጊዜ አልተነሳችም። ከሷና ከሮዝሊን በቀር በዚያ ግቢ ውስጥ የሻምበሉን ፊት በደንብ የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። ደዴ እንኳ ያኔ ልጅ ነበር፤ የሚያስታውሰው ፎቶግራፉን ነው።

ቀና ስትል ሮዝሊንን ፈልጋ አየቻት። "ሰውዬው ራሱ ነው" አለች።

"አዎ" አለች ሮዝሊን። "እሱን ነው የሚመስለው።"

ምግባፎር ወደ ሴቶቹ ተመልሳ፣ ዳር ላይ ቆማ፣ ያንን ያልተቀበረ ሰው የምትቀብር ይመስል፣ መቃብሩ ተሞልቶ እስኪያልቅ ጠበቀች። ጸሎቱ አብቅቶ ምግብ መቅረብ ሲጀምር ዞር ብለው ወጡ። ኦላኤዶ እስከ መንገድ ሸኘቻቸው። አውቶቡሱ ሲመጣ ሴቶቹ ተራ በተራ ገቡ፣ ምግባፎርም መስኮቱ ዳር ተቀምጣ ፊቷን ወደ ሌላው በኩል አዞረች።